ሁለተኛው ጥሪ

አንድ መንደር ነበረ፤ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጉም ሲወርድበት ከቀረው ዓለም የተቆረጠ የሚመስል። ነዋሪዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ቁጥራቸው ግን ጥቂት የሆነ ሰዎች ናቸው። ቤታቸውን በቀርከሃ ይሠራሉ፣ እንሰት ይተክላሉ፣ ገብስ ይዘራሉ። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከማዶው ተራራ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ የሰውን ነፍስ እያወጣ ገደሉን ይወጣል።

በዚህ መንገድ የተነሳ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው የራቀበት ሁሉ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንደሩ ጫፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣና የራቀበትን ሰው በስሙ ይጠራዋል። ጠርቶም ዝም ብሎ ያዳምጣል። ተጠሪው ምናልባት ያን ቀን ከማዶ ደርሶ ከሆነ፣ እዚያ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይመልሳል። ቢመልስም ግን ወዲያው አይሻገርም። ከቤት ሁለተኛ ጥሪ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሁለተኛው ጥሪ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ግባ!»

ለምን ቢሉ፣ ተጣልቶ የሄደ አለ፣ አጥፍቶ የሸሸ አለ። ደጅ ድረስ መጥቶ ፊት ከሚነሱት፣ ቁርጡን ከሩቅ ቢያውቅ ይሻላል ብለው አባቶች ያቆዩት ዘዴ ነው። «ግባ» ከተባለ ያለፈው አለፈ፤ ማንም አያነሳበትም። ዝም ከተባለ ግን ለቤቱ ያመጣውን ስጦታ ድንጋዩ ላይ ትቶ ይመለሳል። ደግሞ መጥቶ መለመን በዚያ አገር ነውር ነው።

በመንደሩ ውስጥ «የዳንሳ እናት» የምትባል ሴት ነበረች። የራሷ ስም ነበራት፤ ልጇ ከተወለደ ወዲህ ግን በስሟ የሚጠራት ጠፋ። ባሏ ጨው ነጋዴ ስለነበር በክረምት ሳይቀር ድንጋዩ ላይ ወጥታ ትጠራው ነበር። ዳንሳ ገና ሕፃን ሳለ፣ እናቱ በዝናብ በስብሳ ስትመለስ ባየ ቁጥር «ሳድግ ጃንጥላ እገዛልሻለሁ» ይላታል። እሷም «ያኔ አርጅቼ እቤት እቀመጣለሁ» እያለች ትስቅበታለች።

አባትየው ሞተ። በዓመቱ ዳንሳ «ከተማ ሄጄ ሥራ ልፈልግ» አለ። እናቱ ፈራች፤ ፍርሃቷ ግን ቁጣ ሆኖ ነው የወጣው። «የአባትህን ማሳ ጥለህ ከሄድክ እንዳትመለስ!» አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ሄደ፤ እንዳለችውም አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ ከድንጋዩ ቀርታ አታውቅም። «ዳንሳ! ዳንሳ ሆይ!» ትላለች። ከዚያ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ትጠብቃለች። የወንዙ ድምፅ ይመጣል፣ ከጫካው የጉሬዛ ድምፅ ይመጣል፣ የልጇ ድምፅ አይመጣም። ያን «እንዳትመለስ» ያለችውን ሊሽርላት የሚችለው ያ ሁለተኛው ጥሪ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። እሱ ደግሞ ለመለሰ እንጂ ላልመለሰ አይሰጥም። ስለዚህ «ግባ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደተቀመጠ ዓመታት አለፉ። ናፍቆት የሚያስረጅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ባረጀች ነበር።

እንግዶች መምጣት የጀመሩት በዚህ መሃል ነው። አይዛ የሚባል የመንደሩ ጎልማሳ ከተማ ተምሮ ተመለሰና አገሬውን ሰብስቦ የአስጎብኚዎች ማኅበር አቋቋመ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መልካም ሥራ ነበር። እንግዶቹ በቀርከሃ ቤት ያድራሉ፣ ቆጮ በማር ይበላሉ። ከነሱ በሚገኘው ገቢ መንደሩ ጤና ጣቢያ ከፈተ፤ ወጣቱም ከአገር ለመውጣት መቸኮሉን ተወ። እንግዶቹም ክፉዎች አልነበሩም። ቁና ቁና እየተነፈሱ ገደሉን ሲወጡ እንዲያውም ያሳዝናሉ።

ከነሱ አንዱ ታዲያ በአንድ ምሽት የዳንሳን እናት ጥሪ ሰማና እንባው መጣ። አገሩ ተመልሶ ለሰው አወራ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ከቤቱም ከማሩም በፊት «ጥሪው የታለ?» ይል ጀመር። ችግሩ ማታ ጉም ይወርዳል፣ ብዙዎቹም ሳይመሽ መውረድ አለባቸው።

አይዛ ወደ ቤቷ መጣ። «እማማ፣ ጥሪውን ከምሳ በኋላ ቢያደርጉትስ? ያን ጊዜ ሰማዩ ገለጥ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል።»

«የኔ ልጅ የሚመጣው ደግሞ በፎቶ ሰዓት ነው?» አለችና ሳቀች።

«ማታ ይደግሙታላ! ማን ይከለክልዎታል?»

ነገሩ ክፋት አልታየባትም። ለአንድ ሰሞን ሁለቱንም አደረገችው፤ ቀን ለእንግዶቹ፣ ማታ ለልጇ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቀን የጮኸ ጉሮሮ ማታ ይደክማል። «ዛሬማ ጠርቼዋለሁ እኮ» ብላ አንድ ማታ ቀረች፤ ከዚያ ሌላ ማታ ቀረች። ጥልፍ ያለበት ቀሚስ ተገዛላት። ፊቷ በፎቶ እንዲታይ ጀርባዋን ለገደሉ፣ ፊቷን ለእንግዶቹ ሰጥታ መቆም ለመደች። ጥሪዋ ሲያበቃ ጭብጨባው ይቀልጣል፤ እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ከጭብጨባው ኋላ የሆነ ነገር ይሰማ እንደሆነ ታዳምጥ ነበር። ኋላ ግን እጇን ወደ ጆሮዋ ማንሳት ተወች። መተዋንም ልብ አላለችውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብዙ እንግዳ ተሰበሰበ። የዳንሳ እናት ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ድምፅዋ ያን ቀን ከወትሮው አምሮ ወጣ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ ሳቁ ብዙ ቆየ። እንግዶቹ ተሰናብተው ለመሄድ ሲነሱ ጉልበቷን የሚያማት አንዲት አሮጊት እንግዳ ምርኩዟን ይዛ ከታች ብቅ አለች። ከሌሎቹ ጋር መውጣት አቅቷት ገደሉ አፍ ላይ ካለው መታጠፊያ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ላይ ቅሬታ ይታያል። ለአይዛ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ነገረችው። አይዛ ዞሮ ወደ ማዶ አየ።

«ምን አለች?» አለች የዳንሳ እናት።

አይዛ ዓይኑን ከማዶ አልመለሰም።

«አንተ አይዛ! ምን አለች?»

«የማዶውን ሰውዬ ረሳችሁት ነው የምትለው። ‹እሱስ የጨዋታው ክፍል አይደለም ወይ? ከሁሉ የሚበልጠው የሱ ድምፅ ነበር። እናንተ እዚህ ስታጨበጭቡ ብቻውን ቆሞ ብዙ ጠበቀ፤ ከዚያ የያዘውን አስቀምጦ ሄደ። ለሱስ ማን ያጨብጭብለት?› ነው የምትለው።»

«ምን ብሎ ነው የመለሰው?»

አሮጊቷ እንግዳ ጥያቄው ሳይተረጎምላት ገባት መሰለኝ። እጇን አፏ ዙሪያ አደረገችና የሰማችውን ድምፅ እንዳለ አወጣችው። የመንደሩን ቋንቋ አታውቅም፣ የያዘችው ድምፁን ብቻ ነው።

«እማ! እማዬ!»

የዳንሳ እናት ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። በጥልፍ ቀሚሷ ገደሉን ወረደች፤ በወንዙ ውስጥ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ተሻገረች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ማንም አልነበረም። ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር የተጫነበት፣ ገና ያልተፈታ አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ተጋድሟል።

ጃንጥላውን ታቅፋ «ግባ! ዳንሳ፣ ግባ!» እያለች ሮጠች። እየሮጠች ያለችው ግን ቤቷ ከሌለበት ወገን ነበር፤ ማን ወዴት ይግባ? ከማዶ በሚያልፈው የመኪና መንገድ ዳር ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት አገኘችና ጠየቀቻት። «አንድ ሰው በጭነት መኪና ተሳፈረ። ዓይኑን ይጠርግ ነበር፤ እኔ እንኳ አቧራ ገብቶበት መስሎኝ» አለቻት።

የዳንሳ እናት መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ልጇ የሰማውን አሁን እሷም ሰማችው። ስሙ በእናቱ ድምፅ ተጠራ፣ ልቡ ዘሎ መለሰ፣ ከዚያ ከቤቱ የመጣለት ሳቅና ጭብጨባ ነው። «ልጄን በጭብጨባ ሸኘሁት» አለች። ሸንኮራ ሻጯ የምትለው አልገባትም፤ ግን አብራት አለቀሰች።

በማግስቱ መንደሩ ተሰበሰበ። አይዛ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት «ጥፋቱ የኔ ነው። ማኅበሩ ይፍረስ፣ እንግዳ የሚባል አይምጣብን» አለ።

«እንግዶቹ ምን አደረጉ?» አለች የዳንሳ እናት። «ወደዱና አጨበጨቡ። የት እንደሚቆሙ አስተማርናቸው፤ መቼ ዝም እንደሚሉ አላስተማርናቸውም። እኛ ራሳችን ረስተነዋላ! ይምጡ። ግን ጥሪው ወደ ማታው ይመለስ። ማደር የፈለገ አድሮ ይስማ፣ ከጥሪው በኋላም እጁን ሰብስቦ አብሮን ያዳምጥ።» ከዚያም ጨመረች። «እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ጥሪ እጠራለሁ።»

የመንደሩ አንጋፋ ሽማግሌ ተቆጡ። «አይሆንም! ሁለተኛው ጥሪ ላልመለሰ ሰው አይሰጥም። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ልጄ መልሷል አባቴ» አለቻቸው። «ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ መጥቶ አይለምን፤ ነውር ነው። እንግዲህ ነውር የሌለብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ልለምነው።»

ሽማግሌው «ይሁን» አሉ። እሳቸውም ከማዶ የቀረ ወንድም ነበራቸው።

ዛሬ ወደዚያ መንደር የሚሄድ ሰው ይህን ያያል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ልጇን ትጠራለች። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ እንግዳውም፣ አገሬውም። ብዙ እንግዶች ጥሪውን ረስተው ያን ዝምታ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ እያንዳንዱ በዝምታው ውስጥ የራሱን ሰው ያስታውሳልና። ከዚያ እሷ መልስ ሰማች አልሰማች «ግባ!» ትላለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሌሎችም ከየደጃቸው «ግባ!» ማለት ጀምረዋል። ሲዘንብ ትበሰብሳለች። ጃንጥላው እጇ ላይ ነው፤ አልፈታችውም። «የገዛው ይፍታልኝ» ትላለች።

ዳንሳ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እስከሰማሁበት ድረስ አልመጣም። በየማታው ግን በሩ ተከፍቷል፤ ይህን ያህል እናውቃለን።

ያለንን መልካም ነገር ለእንግዳ ማሳየት ነውር የለበትም፤ እንግዳን ማክበርም ወጋችን ነው። ግን ለማሳየት ስንሽቀዳደም ነገሩን ያቆምንለትን ሰው እንዳንረሳ። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንሆናለን። መጥራት ብቻውን ናፍቆት አይደለም፤ ግማሹ ማዳመጥ ነው። ይቅርታም የሚለምነንን ሰው ከጠበቀ ይዘገያል። እኛ ስናጨበጭብ ሰውዬው መልሶ፣ ጠብቆ፣ ስጦታውን ትቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ «እስኪመልስልኝ» ብላችሁ ጉሮሯችሁ ላይ ያቆያችሁት «ግባ» የለም?