የቀደመው ሰው ዱካ

አንድ አባት አክስቷ ዘንድ ያደገች ሴት ልጁን ሊድር፣ ከበረዷማ ተራራ ማዶ ወዳለ መንደር ይጓዝ ነበር። በዚያ አገር ሙሽራ አባቷ ሳይመርቃት ከቤት አትወጣም። ሰርጉ ደግሞ ሊሻገር ባሰበበት ቀን ማግስት ነው።

ከተራራው ግርጌ መንገደኛ የሚያሳድሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም ዳገቱን ከማቋረጡ በፊት በረዶውን በአካፋ ቆፍረው ያያሉ። ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ረጅም ቀይ ክር አስሮ ከኋላው እየጎተተ ይሄዳል፤ ናዳ ቢቀብረው ክሩ ያለበትን ቦታ እንዲጠቁም ነው። በሰላም የደረሰ ማዶ የተሰቀለውን ደወል ይደውላል። ያን ጊዜ የቀሩት ይከተላሉ።

አባትየው እሳቸው ዘንድ አደረ፤ ጠዋት በረዶውን ቆፍረው አሳዩት።

«ከላይ ያለው ትናንት የወረደው ነው፤ ጠንካራ ነው። ከሥሩ ያለውን ግን ንካው» አሉት።

እጁን ሰደደ። የታችኛው በረዶ እንደ ስኳር በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ።

«ያንን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ይኸ ነው። ዛሬ አይታለፍም ልጄ።»

«እንዴ አባቴ! ያውና ዱካው! ሰው አልፏል እኮ!»

እውነትም በነጩ ዳገት ላይ የአንድ ሰው ዱካ ይታያል።

«ሌሊት ሳያስቆፍረኝ የሄደ ነው። ደወሉንስ ሰምተሃል?»

«ነፋስ ወስዶት ይሆናላ!»

ሽማግሌው ቀጥ ብሎ የሚወጣውን የጎጇቸውን ጢስ አሳዩት። ያን ቀን ጢስ የሚያዘነብል ነፋስ እንኳ አልነበረም። ግን ልጁን ሊድር የቸኮለ አባት ማን ይመልሰዋል? ክሩን አስሮ ገባ።

እግሩን በዱካው ውስጥ እያሳረፈ ሄደ። ዱካው ለእግሩ ልክ ሆነለት፤ ደስ አለው። ወፍ የለም፣ ድምፅ የለም። መሀል ሲደርስ በረዶው ከእግሩ ሥር «ህምም» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰና ትንሽ ዝቅ አለ። ባለበት ቆመ። «ሰውየው ካለፈ እኔም አልፋለሁ» ብሎ ራሱን አጽናንቶ አንድ ድንጋያማ ጉብታ ታጠፈ።

ከጉብታው ጀርባ ዱካው አለቀ። አልዞረም፣ አልተመለሰም፤ ዝም ብሎ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ተቦጭቆ ወርዷል። ከመጨረሻው ዱካ አጠገብ የቀይ ክር ጫፍ ወድቋል። አባትየው አንስቶ ቀስ ብሎ ሳበው። ክሩ ቁልቁል ወርዶ፣ ከታች የተከመረው በረዶ ውስጥ ገብቶ ተወጠረ። ከዚያኛው ጫፍ የሚመልስ አልነበረም።

ዞሮ ጉብታውን አልፎ ሲመለስ የባሰ ነገር አየ። ልጅ ያዘለች አንዲት መንገደኛ ዳገቱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ሊያስቆሟት እጃቸውን ያወራጫሉ። እሷ ግን ጣቷን ወደ እሱ ዱካ ትቀስራለች። ምን እንደምትላቸው ከሩቅ አልሰማም፤ መስማትም አላስፈለገውም። ጠዋት እሱ ራሱ ያለውን ነው የምትለው።

«ተመለሺ እህቴ! ዱካዬን አትከተዪ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ፣ ከኋላው እየጎተተ፣ ዱካውን እየደመሰሰ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሴትየዋ አንድ እግሯን በረዶው ላይ እንዳሳረፈች ደረሰባት፤ ክንዷን ይዞ አወጣት።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ማንም ሳይነካው ተንዶ ወረደ። ሰውየውን ለማውጣት ሳይደረስ ቀይ ክሩም አብሮ ተቀበረ። የክሩ ባለቤት ማን እንደነበረ፣ ማዶ የትኛው ቤት ሲጠብቀው እንደቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽማግሌው ደግመው ቆፍረው «አሁን ሂድ» ሲሉት አባትየው ተሻገረ፤ ደወሉንም ደወለ። የሰርጉ ቀን አልፏል፣ ድግሱ ተበላሽቷል፣ የሙሽራው ወገኖች አኩርፈዋል። ልጁ ግን ከቤት ሳትወጣ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ምነው ቆየህብኝ?» አለችው።

«የማላውቀው ሰው በዱካው ጠራኝ። ስደርስ አጣሁት» አላት። ከዚያ እያለቀሰ መረቃት፦ «ዱካሽን አምኖ የሚከተልሽ አይጥፋ፤ አንቺን አምኖም የሚጠፋ አይኑር።»

ወዳጄ፣ ዱካ ሰው መሄዱን ይናገራል እንጂ መድረሱን አይናገርም። ብዙዎቻችን በረዶውን ቆፍሮ ከማየት ይልቅ ሌላው በረገጠበት መርገጥ ይቀለናል፤ ስንረግጥም ለሚከተለን ምስክር እንሆናለን። መሳሳትህን ያወቅህ ቀን ዱካህን ደምስሰህ መመለስ አያሳፍርም። ለመሆኑ አንተ የምትከተለው ሰው ደወል ተሰምቷል? ከኋላህስ ልጅ አዝሎ የሚመጣው ማን ነው?