የማዕበሉን ወሬ የደበቀች ልጅ

አንዲት ሴት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙስ፣ በሌላው የታጠበ ፒጃማ ይዛለች። ሐኪሙ ስለ አባቷ የነገራትን አሁን ሰምታለች። በሩን ከፍታ ልትገባ ነው። ከመግባቷ በፊት ግን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ፈገግታዋን አስተካከለች።

እናንተስ? እንዲህ ያለ በር ላይ ቆማችሁ አታውቁም? እንዲህ ያለ ፈገግታ አስተካክላችሁ አታውቁም?

እስቲ ይህች ሴት በሩ ላይ ትቆይና ስለ አባቷ ልንገራችሁ።

ጋሽ ሀብተየስ ይባላሉ። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ጢም ሳያበቅሉ ወደ አሰብ ወርደው መርከብ ተሳፈሩ፤ ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ውቅያኖስ ላይ ኖሩ። የገመድና የመልሕቅ ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ላይ ሆነው ለጥቂት ሳምንት ቤታቸው ይመጣሉ። በዚያች ጥቂት ሳምንት ግን አባት ነበሩ። እንዴት ያለ አባት!

የልጃቸውን ፀጉር ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ወንድ ሹሩባ ሲሠራ አይታችኋል? መርከበኛ ገመድ መጎንጎን ያውቃል። ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ልጅቱን በጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ይጎነጉኑላት ነበር።

«አባዬ፣ ያማል!»

«ቻይው ልጄ። ያላመመ ቋጠሮ ቶሎ ይፈታል።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ይመር ሲያልፉ ቆም ይሉና «ሀብተየስ! ልጅቱን ወደብ ላይ አሰርካት እንዴ?» ይሏቸዋል።

«አዎ፤ እኔ ስሄድ ተንሳፋ እንዳትጠፋብኝ።»

እንዲህ ነበሩ። ሰፈሩ ይስቃል፤ ልጅቱም እያለቀሰች ትስቃለች። አባቷ ከሄዱ በኋላ ያንን ሹሩባ ላለመፍታት ከእናቷ ጋር ትጣላ ነበር።

ልጅቱ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ እሳቸውም አርጅተው ገና ባሕር ላይ ሳሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ታመሙ። የልብ ሕመም ነበር፤ እግራቸው ያብጥ ነበር። ጋሽ ሀብተየስ ወደ ሩቅ ምሥራቅ እየተጓዙ ሳለ ወይዘሮ አልጋነሽ ሞቱ። ተቀበሩ።

አሁን ምን ይደረግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሥርዓታችንን ታውቃላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የሚይዘው ሰው በግራም በቀኝም ሆኖ ነው። በውኃ መሐል ያለን ሰው ማን ይይዘዋል?

ልጅቱ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻውን ቀድማ የምታይ ናት። ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየ መኪና የገጨው የሚመስላት። እንደዚህ ያለ ሰው እዚህ መሐላችን የለም? እኔ ራሴ ስልክ ሲጮህ ሳላነሳው አልቅሼ የምጨርስ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ አልፈርድባትም። «አባዬ ይህን ከሰማ ባሕሩ ውስጥ ይገባል» አለች። አቶ ይመርም «እውነቷን ነው፤ ሲመጣ እናረዳዋለን» አሉ። ተስማሙ። በፍቅር ተስማሙ።

ጋሽ ሀብተየስ መርከቡ ወደብ በነካ ቁጥር ይደውላሉ።

«እናትሽስ?»

«ገበያ ወጥታለች አባዬ።»

በሌላ ጊዜ፣ ከሌላ ወደብ፣ «እናትሽስ?»

«ጎረቤት ናት። ሰላም በይልኝ ብላለች።»

ሰላም በይልኝ ብላለች! አፈር የተጫናት ሴት ሰላም ትላለች?

እሳቸው መጡ። በሥርዓቱ መሠረት ቤታቸው አልገቡም፤ ልጃቸው ዘለቀ ቤት አደሩ። ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ መርዶው ተነገረ። ጋሽ ሀብተየስ አልጮኹም። እቅፋቸው ውስጥ ካርቶን ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ ሰፊ ጫማ ነበር። ለሚያብጥ እግር ተብሎ፣ ከስንት ሱቅ ተመርጦ የተገዛ ጫማ።

«መቼ ነው የሞተችው?» አሉ።

ነገሯቸው። አርባዋም አልፏል አሏቸው።

እሳቸው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። «በየቀኑ ስጸልይ ነበር» አሉ። «‹እግሯን ማርልኝ፣ እብጠቱን አጉድልልኝ› እያልኩ። ለተቀበረች ሴት እግር! ለነፍሷ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳላደርስላት ይኸው አርባዋ አለፈ። እኔ ባሏ አይደለሁም?»

አቶ ይመር «ተው እንጂ ሀብተየስ፣ ለአንተው ፈርተን ነው፤ ትደነግጣለህ ብለን ነው» አሉ።

«ይመር፣ አንተ ባሕር አታውቅም» አሉ ጋሽ ሀብተየስ። «ማዕበል ሲመጣ ቀድሞ በሬዲዮ ይነገረናል። ካፒቴኑ ወሬውን ወረቀት ላይ ጽፎ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ወጥ ቤቱም ያነበዋል፣ ወለል ጠራጊውም ያነበዋል። ይደነግጣሉ ብሎ የደበቀ ካፒቴን በዕድሜዬ አላየሁም። አዎ እንደነግጣለን! የደነገጠ ሰው ግን ተነሥቶ ገመዱን ያጠብቃል። ያልሰማው ነው እንደተኛ የሚሰምጠው።»

እንደገና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ።»

«አላደርግም አባዬ። በእናቴ አጥንት!»

ማለች። ሁላችሁም እንዲህ ትምሉ ነበር፤ እኔም እምል ነበር።

ጋሽ ሀብተየስ ወደ ባሕር ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ ልጃቸው «ሁሉም ደህና ነው» ብትላቸው አያምኗትም። «ዘለቀን ስጪኝ» ይላሉ። «ትንሹን ስጪኝ። ትልቋንስ? ድምጿን ልስማ።» ቤተሰቡ ሁሉ በየተራ ስልኩ ላይ ቀርቦ መኖሩን ያስመሰክራል። አያችሁ? ውሸት አንድ ጊዜ ከገባ እውነቱንም ይበላዋል። ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ «ደህና ነን» የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፋ።

በመጨረሻ ጡረታ ወጡ። ኮምቦልቻ ገቡ። ታመሙ። ደሴ ሆስፒታል አስተኟቸው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ።

ሐኪሙ ለልጅቱና ለወንድሟ ለዘለቀ የነገራቸው ይህ ነው፦ «ጊዜው አጭር ነው። ሊያዩአቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች ካሉ ይምጡ።»

ዘለቀ «ልጆቻችንን ከአዲስ አበባ ልጥራ?» አላት።

«ሁሉም አንድ ላይ ከመጡ ይነቃብናል።»

«መምሬ ፍሥሐንስ? የነፍስ አባቱ ናቸው እኮ። ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ...»

«ቄስ አልጋው አጠገብ ቆሞ ካየ በድንጋጤ ዛሬውኑ ነው የሚሞተው! ዘለቀ፣ በእመቤታችን ተው። ትንሽ ይሻለው፣ ያኔ እንጠራቸዋለን።»

ትንሽ ይሻለው! ሐኪሙ ምን አለ? እሷስ ምን ሰማች? ዘለቀ ግን ታላቅ እህቱን ፈርቶ ማንንም ሳይጠራ ቀረ።

በሩን ከፍታ ገባች። አባቷ ፀጉሯን አዩት። «ማን ነው እንዲህ አላልቶ የሠራሽ?» ብለው ቀለዱባት። አጥሚቱን ቀዳችላቸው፤ አልጠጡም። ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«የአየሩ ወሬ ምን ይላል ልጄ?»

ጥያቄው ገብቷታል። ያን ማለዳ ዘለቀ ቤት ነበረች፤ የማለችው መሐላም አፏ ውስጥ ነበር።

«ጸጥ ያለ ነው አባዬ» አለች። «ሐኪሙ በጣም ደስ ብሎታል።»

«መምሬ ፍሥሐ አልመጡም?»

«ለምን ይመጣሉ? ሲሻልህ አንተው ትሄዳለህ።»

«ልጆቹስ? አልተጠሩም?»

«ትምህርት ላይ ናቸው አባዬ። ምን ሆነህ ነው የሚጠሩት?»

አባቷ የሰሙትን አመዛዘኑ። ከዚያ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ? ፊታቸው በራ። ትከሻቸው ረገብ አለ። ለዓመታት ሳያምኗት የኖሩ ሰው እጇን ያዙና እንዲህ አሏት፦

«እንግዲያስ ደህና ነኝ ማለት ነው። የምሞት ብሆን ቄሱን ትጠሪልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አታደርጊብኝም። ምለሽልኛላ!»

አመኗት! በዚያ ቀን፣ ማመን በማይገባቸው በዚያ ቀን፣ ልጃቸውን አመኗት።

«ስወጣ» አሏት፣ «መጀመሪያ መምሬን አገኛለሁ። የምነግራቸው አለኝ፤ የባሕር ነገር ነው፣ ለማንም ያልተናገርኩት። ለእናንተም የምለው አለኝ። ሁላችሁም ስትሰበሰቡ ይሻላል።» ትራሱን አስተካክላ አስተኛቻቸው። ደስ ብሏቸው ተኙ።

በማግስቱ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ዘለቀ መኪና ሊያቆም ወጥቶ ሳለ፣ ጋሽ ሀብተየስ አረፉ።

ለመምሬ ሊናገሩት የነበረው ምን ነበር? ማንም አያውቅም። ለልጆቹስ? ማንም አያውቅም። ያ ሁሉ ማዕበል ያልዋጠው ሰው፣ በንጹሕ አልጋ ላይ፣ አጥሚት አጠገቡ ተቀምጦለት፣ ሳይዘጋጅ ሄደ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ የምሰጣችሁ ማጽናኛ ብፈልግ አጣሁ። ያቺ ሴት ለአባቷ ተዝካር አውጥታለች፣ ቅዳሴ አስቀድሳለች፣ ራሷ ንስሐ ገብታለች። እግዚአብሔር ይቅር እንደሚል አምናለሁ። ግን «ሁለት ጊዜ አታደርጊብኝም» ያለውን ድምፅ ከጆሮዋ ማን ያውጣላት? ሹሩባ ልትሠራ በተቀመጠች ቁጥር «አላልታችሁ ሥሩኝ» ትላለች። ጠበቅ ሲል ታለቅሳለች።

እናንተ እናቶች፣ እናንተ ልጆች፣ እስቲ ንገሩኝ። ስንደብቅ የምንጠብቀው ማንን ነው? የታመመውን ነው? ወይስ እሱ ሲያለቅስ ማየት ያቃተንን እኛን? ያቺ ሴት አባቷን ከድንጋጤ አዳንኩ አለች። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በድንጋጤ ውስጥ ገመድ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መደንገጥ ያቃታት እሷ ነበረች።

በስልክ ጩኹ አላልኩም። ሥርዓት ይኑር፤ ማለዳም ይሁን፣ ሽማግሌም ይቅደም፣ የሚይዝም ሰው ይኑር። ግን ንገሩ። የነፍስ አባቱን ጥሩለት። ልጆቹን ጥሩለት። ይደንግጥ፤ ደንግጦም የሚናገረውን ይናገር፤ ይቅር የሚለውን ይቅር ይበል።

አንዳንዶቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ እንደዚያ ያለ በር ትሄዳላችሁ፤ አውቃለሁ። ፔርሙሱን ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ፊታችሁን ትጠርጋላችሁ። ውስጥ ያለው ሰው ዓይን ዓይናችሁን አይቶ «ምን አሉ?» ይላችኋል።

እኛ ሁልጊዜ «ክፉ አያሰማን» እንባባላለን፤ አሜን እንላለን። እኔ ዛሬ እንደዚያ ብዬ ልመርቃችሁ አልቻልኩም። ክፉው እንደሆነ ይመጣል፤ በኔም ቤት፣ በእናንተም ቤት ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ልበላችሁ፦ ክፉውን በጊዜው ያሰማን። ገመዱ ሳይታሰር አያስተኛን።

ከቻላችሁ አሜን በሉ።