ወደ ኋላ የሚወረድበት ደረጃ

በደቡብ አሜሪካ ተራሮች መካከል ሳን ኢላሪዮ በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ከላይኛው አደባባይ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያወርድ ዘጠና ሁለት እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ አለ። ከተማዋን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች ነጫጭ ግድግዳዎቿንና ከእንጨት የተቀረጹ ሰገነቶቿን አይተው እዚያ ሲደርሱ፣ አስጎብኚው ያስቆማቸውና ፊታቸውን ወደ አደባባዩ እንዲመልሱ ይነግራቸዋል። ከዚያ ትልቅ ትንሹ እየሳቀ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ እየያዘ፣ ቁልቁል ወደ ኋላው ይወርዳል። ልማዱ ከየት እንደመጣ የታችኛው ሰፈር አዛውንት እንዲህ ያወሩታል።

በስፔኖች ዘመን ከተማዋን የሚያስተዳድር አንድ ኩሩ ገዢ ነበር ይባላል። ቤቱ ከደረጃው አናት ፊት ለፊት ስለነበር፣ እሱ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ማንም ጀርባውን እንዳይሰጠው አዋጅ አስነገረ። የከተማዋ ብቸኛ ንጹሕ ውሃ ደግሞ የሚፈልቀው እዚያው አደባባይ ላይ ነበር። የታችኛው ሰፈር ሰዎች እንስራ አዝለው ወደ ኋላ ሲወርዱ እየወደቁ፣ አንዳንዴ እንስራው አንዳንዴም እግራቸው ይሰበር ጀመር። ይህን የፈሩት ከወንዙ ድፍርስ ውሃ ቀዱ፤ ልጆቻቸውም እየታመሙ ሞቱባቸው።

ሽማግሌዎች ሄደው ቢለምኑት ገዢው ሳቀ አሉ። «ከመካከላችሁ አንድ ሰው ሙሉ እንስራ አዝሎ፣ ፊቱን ከእኔ ሳይመልስ፣ ጠብታ ሳያፈስ እስከ ታች ከወረደ ውሃው በቦይ እስከ ሰፈራችሁ ይውረድላችሁ፤ ካልሆነ ግን ሁለተኛ ወደ ምንጩ እንዳትደርሱ» ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ቶሪቢዮ የተባለውን ጉልበተኛ ተሸካሚ ሊመርጥ ሲል፣ ኢሲዶራ የምትባል የገመድ ሠሪ ልጅ ከሴቶቹ ኋላ ሆና እኔ ልውረድ አለች። ሰው ሲያያት አንገቷን የምትደፋ ዓይን አፋር ነበረችና ሁሉም ዞሮ አያት።

«አንቺ ልጅ፣ የኔን ፊት እንኳ ቀና ብለሽ አይተሽ አታውቂም፤ ገዢውን ልታዪው ነው?» አላት ቶሪቢዮ።

«አጎቴ ቶሪቢዮ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ነው የምትሄደው፤ እኔ ወደ ኋላ» አለችው በቀስታ።

እውነቷን ነበር። ገመድ የሚሠራ ሰው የቃጫውን ጫፍ ከእንጨት ላይ ያስርና፣ ወገቡ ላይ ከጠመጠመው ቃጫ እየመዘዘ፣ እየገመደ ወደ ኋላው ይሄዳል፤ እርምጃው ከተዛነፈ ገመዱ ይጎረብጣል።

በቀጠሮው ቀን ኢሲዶራ እስከ አፉ የሞላ እንስራ አዝላ ደረጃው አናት ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን እርከን ስትወርድ ግን እግሯ ቀጣዩን እርከን ፈልጎ አጣ፤ ባዶ እጇን ወደ ኋላ ሄዳ እንደማታውቅ ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው። ሰገነቱ ላይ ሳቅ ተሰማ። ነገሩ የገባት ገመድ ሠሪዋ እናቷ ብቻ ነበረች። ሮጣ ከራሷ ወገብ ቃጫዋን ፈትታ በልጇ ወገብ ላይ ጠመጠመችላት፤ ጫፉንም አናቱ ላይ ካለው የድንጋይ ምሰሶ አሰረችው።

ኢሲዶራ መግመድ ጀመረች። እግሯ ደረጃውን ትቶ እጇን ተከተለ። እንደሚነገረው፣ ያች የማንንም ዓይን የማታይ ልጅ ገመዱ ምሰሶው ላይ ስለታሰረ ቀና ብላ ወደ ላይ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበራትም፤ ከምሰሶው በላይ ደግሞ የገዢው ፊት ነበር። እያየችው ወረደች። ሃምሳኛው እርከን ላይ ስትደርስ ገዢው ዓይኗን መቋቋም አቅቶት ተነሣና፣ በሕዝብ ፊት ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቤቱ ገባ።

ታች ስትደርስ፣ ውሃ አለመፍሰሱን እንዲመሰክሩ የቆሙት የከተማዋ ቄስ የጀርባዋን ልብስ ዳሰሱ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ገዢው ቃሉን ሊያጥፍ ቢያስብም የሰማው ሕዝብ ብዙ ነበርና ቦዩ ሳይወድ በግድ ተቆፈረ።

ውሃው ዛሬም ከደረጃው ጎን ኩልል እያለ ይወርዳል። ወደ ኋላው ሲወርድ የቆየ እንግዳ የመጨረሻውን እርከን ሲረግጥ፣ ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ ቀረብ ብላ ጀርባውን ዳሰስ ታደርግና «ደረቅ ነው» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ይቀዳለታል።