ጓልና ድንጋይ ወራሽ ሲመርጡ

ተረት ላምጣላችሁ?

አምጣ በሉኝ።

ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከስኮትላንድ፣ በጋና ክረምቱ ከማይለይበት አገር።

ይምጣ በሉኝ።

በዱሮ ጊዜ ጊልክሪስት የሚባል መስፍን ነበረ። ግንብ ነበረው። የገብስ ማሳ ነበረው። ሞራግ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ወንድ ልጅ አልነበረውም።

ሞተ።

ለቅሶው ሳያልቅ ወንድሙ ዱጋል ከወንዝ ማዶ መጣና፣ «ርስት ለወንድ ነው፤ ልጅቷን ባሕር ተሻግሮ ላለ ሽማግሌ እድራታለሁ» አለ።

የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፦ ርስት በብራና ብቻ አይወረስም። ወራሹ መሬቱ ላይ ይቆማል። ዳኛው ከዚያው መሬት ጓል አንስቶ በአንድ እጁ፣ ድንጋይ አንስቶ በሌላ እጁ ያስይዘዋል። ጎረቤት ያያል። አለቀ።

ዳኛውም፣ «ለወንድሙ ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ። በሦስት ቀን ካልተረከበ ለልጅቷ ይሆናል» ብሎ ፈረደ።

ዱጋል ግን ጭቃ አይወድም። ቀይ የቆዳ ጫማ አለው።

በመጀመሪያው ቀን ውሻውን ላከ። «ሂድና ጓሏን በአፍህ ይዘህልኝ ና።»

ውሻው ጓሏን ነከሰ።

«ቀስ በል እንጂ» አለች ጓል። «አጥንት መሰልኩህ?»

«ታዝዤ ነው፣ እሜቴ።»

«እንግዲያስ በወንዙ በኩል ሂድ፤ አቋራጭ ነው።»

ውሻው ዋኘ። ከዱጋል ደጅ ሲደርስ በአፉ የቀረው ቡናማ ለሃጭ ብቻ ነበር።

ጓል ሞተች ብላችሁ አትዘኑ። ማሳው ላይ እህቶቿ ብዙ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ዱጋል ዳኛውንና ጎረቤቶቹን እቤቱ ጠራ። ፈረሱ ሌላ ጓልና አንድ ሽበታም ድንጋይ በስልቻ ተሸክሞ ደረሰ። ዳኛው ሊያስይዘው ሲል ድንጋዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ዱጋል፣ የቆምክበት ወለል የማን ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«እንግዲያው የገዛ ቤትህን ደግመህ ወረስክ። እንኳን ደስ ያለህ።»

ጎረቤቶቹ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «የኔ ወገብ ነው የተጎዳው» አለ ፈረሱ፣ ጓልና ድንጋይን ወደ ማሳው እየመለሰ።

ሞራግ ይህን ሁሉ ጊዜ ማሳው ውስጥ ነበረች። ዝናቡ ገብሱን ሊያሰጥመው ስለሆነ ቦይ ትቆፍራለች።

«ነገ የሱ ከሆነ ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው፣ ልጄ?» አለቻት ጓል።

«ገብሱ የሚሰጥመው ዛሬ ነው» አለች ሞራግ።

ጓልና ድንጋይ ተያዩ።

በሦስተኛው ቀን ዱጋል ራሱ መጣ። ከፈረሱ ሊወርድ ሲል ጫማውን አየ፤ ጭቃውን አየ። ካባውን አውልቆ ጭቃው ላይ አነጠፈና መሃሉ ላይ ወርዶ ቆመ።

«በል አስይዘኝ» አለው ዳኛውን።

ዳኛው ጓሏን አነሳ፤ ድንጋዩን አነሳ።

«አንዴ ቆየኝ» አለች ጓል። «አያ ዱጋል፣ እግርህ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ካባዬ።»

«ግሩም ካባ ነው። ከየት መጣ?»

ዱጋል ደረቱን ነፋ። «ከባሕር ማዶ፣ ከፍላንደርስ።»

«እንግዲያው ሂድና ፍላንደርስን ውረስ» አለ ድንጋዩ።

ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ያዙ። ዳኛው እንኳ ሳቁን በእጅጌው ሸፈነ። «ከካባው ውረድና ልስጥህ» አለው።

ዱጋል አንድ እግሩን አነሳ። ወደ ጭቃው ሰደደው። ጫማው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተፈናጠቀች። እግሩን መለሰ።

ዳኛው ጠበቀው። ጎረቤቱ ጠበቀው። ፀሐይዋ ግን አልጠበቀችውም፤ ጠለቀች። ሦስተኛው ቀን አበቃ።

ዳኛው ወደ ሞራግ ዞረ። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት።

«እጄን ልታጠብ?» አለች።

«ምን በወጣሽ» አለች ጓል። «እጅሽ ላይ ያለሁት እኔው ነኝ።»

በአንድ እጇ ጓሏን፣ በሌላው ድንጋዩን ተረከበች። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፤ ጭቃው ውስጥ ተጨፈረ፤ ውሻው ሳይቀር ጨፈረ።

ጭቃውን የተጠየፈ ገብሱን አይበላም።