አናጢው የደፋት ዋንጫ

እስኪ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ በሩ አጠገብ የቆማችሁም ግቡ። የዛሬዋ ነገር ለጆሮ አትጥምም፤ ቢሆንም ስሟት።

አንድ ሰው ነበረ። ሙያው አናጢነት ነው። በዚህ ሰፈር እርሱ ያልሠራው በር ጥቂት ነው። መጠጥ ደግሞ ይወዳል። ጠዋት ለብርዱ፣ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ማታ ለድካሙ እያለ አረቄውን አያጣትም። ተንገዳግዶ ግን አያውቅም፤ ስላልተንገዳገደም ጠጪ ብለን አልጠራነውም። እኛ ጠጪ የምንለው ቦይ ውስጥ የወደቀውን ብቻ አይደለም እንዴ?

አንድ ቀን ጎኑን ቀስፎ ያዘው። ሐኪሞቹ መረመሩትና “ሐሞትህ ውስጥ ጠጠር አለ፤ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት” አሉት። ከዚያ ሲስተር ብዙአየሁ የምትባል ነርስ ለብቻው አስቀመጠችው።

“በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ?” አለችው። አልተቆጣችውም፤ አልናቀችውም። እርሱም ለሚስቱ እንኳን ያልነገራትን እውነቱን ነገራት።

“የሚጠጣ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም” አለችው። “እስከ ቀዶ ጥገናው ስድስት ሳምንት አለን። ታዲያ ባንዴ ጥርግ አድርገው እንዳይተዉ፤ ሰውነትዎ ይናወጣል። እኔ በምነግርዎት ልክ እየቀነሱ በየማክሰኞው ይምጡ። ከተሳሳቱም አይደብቁኝ። ቀጠሮ ይገፋል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።”

ሄደ። በየማክሰኞው ሄደ። በቀን አራት መለኪያ የነበረው ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት ምንም አልቀመሰም፤ ጠዋት ጠዋት የሚንቀጠቀጠው እጁም ረጋ። ሚስቱ እማዋይሽ “ያገባሁት ሰውዬ ተመለሰልኝ” እያለች ለጎረቤት አወራች። ደስታዋን ያላየ የለም።

ቀዶ ጥገናው ሳምንት ሲቀረው የጻድቁ ማኅበር ደረሰ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቄሱም ይባርካሉ። ቀጂዋ አናጢው ጋ ስትደርስ እርሱ ዋንጫዋን አፏን ወደ ታች ደፍቶ ፊቱ አስቀመጣት።

“ምነው?” አለው የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ጋሽ አምኃ።

“ሲስተር ከልክላኛለች፣ ጋሼ። ቀዶ ጥገና አለብኝ።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። “ደግሞ ጠላ መጠጥ ሆኖ ነው?” አለ አንዱ። “ቢላዋው ሳይነካው ነፍሱ ወጣች!” አለ ሌላው። ጋሽ አምኃ ግን አልሳቀም። “ከጻድቁና ከሲስተር ማን ይበልጥብሃል?” አለው።

አናጢው አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ ቄሱን አያቸው። ለምን ይመስላችኋል? ከጭንቁ እንዲያወጡት ነው! “ተዉት፤ ሕመምተኛ ነው” ቢሉ ያ ሁሉ አፍ ይዘጋ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። ዋንጫዋን አነሱና አቀኗት። “ለአንድ ቀን ምን አላት፣ ልጄ?” አሉት።

ያ ቄስ እኔ ነኝ።

ለምን አልኩት? ጨዋታው እንዳይደፈርስ ብዬ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ፈልጌ አጥቻለሁ።

አናጢው የተቀዳለትን ጠጣ፤ ከማኅበሩ ወጥቶም በቀጥታ አረቄ ቤት ገባ። ማክሰኞ ሲስተር ብዙአየሁ ጋ አልሄደም። እስከ ቀጠሮው ዋዜማ ድረስ እንደ ድሮው፣ እንዲያውም ከድሮው አብልጦ ጠጣ። በቀጠሮው ጠዋት እኔው ነኝ መስቀሌን ይዤ ሆስፒታል ድረስ የሸኘሁት።

“ማክሰኞ ቀሩብኝ” አለችው ሲስተር። “ቀምሰው ይሆን? ቢሆንም ግድ የለም፤ ቀኑን እንገፋዋለን።”

አሁንም ወደ እኔ አየ። አፍሮ ነበር፤ ያቺን ደግ ልጅ ማሳዘን ከበደው። “አልቀመስኩም” አላት። እኔስ? ዋንጫዋን በእጄ ያቀናሁት ሰውዬ፣ እርሱ ሲዋሽ በጆሮዬ የሰማሁት ሰውዬ፣ ምን አልኩ? ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ጠጠሩ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን አረቄው ባንዴ ተቋርጦበት ሰውነቱ ተናወጠ። የሌለ ሰው እየታየው ይጣራ ጀመር፤ አልጋው ላይ ሲታገል ቁስሉ ተተረተረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። ጋሽ አምኃም ለሐዘንተኛ ልብ ማጽኛ ብሎ አረቄ አስቀዳ። እማዋይሽ መለኪያዋን ተቀበለች፤ ግን አልጠጣችም። ተነሥታ ሰውን ሁሉ አልፋ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው።

“ይጠጡ፣ አባ።”

“አይሆንልኝም፣ ልጄ” አልኳት።

“ለአንድ ቀን ምን አላት፣ አባ?”

ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማት። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

አሁን በእኔ ብቻ ፈርዳችሁ አትሂዱ። መፍረዱንስ ፍረዱ፤ ይገባኛል። ግን በማኅበሩ ቀን የሳቃችሁት እዚሁ አላችሁ፤ አያችኋለሁ። ሕመምተኛ ስትጠይቁ ጋቢያችሁ ሥር ጠርሙስ የምትደብቁ የእናንተ ፍርድስ ወዴት ነው? “እግዜር ይማርህ” ትሉታላችሁ፤ ወዲያው ትቀዱለታላችሁ። በየትኛው አፋችሁ ነው የምትጸልዩት?

እናንተ ቀጠሮ የያዛችሁ፣ ሐኪሞች ሲጠይቋችሁ ለክብራችሁ ብላችሁ አትቀንሱ። መለኪያ በመለኪያ ንገሯቸው። ከተሳሳታችሁም ንገሯቸው። ጠጣ መባል ያሳፍራል፤ እማዋይሽ ግን ያን ሐፍረት ተሸክማ የባሏን ነፍስ ብታተርፍ ምንኛ በወደደች!

ያቺን ዋንጫ ጋሽ አምኃን ለምኜ ወስጃታለሁ። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ተቀምጣለች፤ ጠዋት ስነሣ የማየው እርሷን ነው። እሑድ ማኅበር ነው። ከእናንተ አንዱ ዋንጫውን ቢደፋ ማንም እንዳይነካበት። የሚዘረጋ እጅ ካያችሁ ያዙት። የእኔ ቢሆንም ያዙት።