አንጓች ያልጠጣችው ኮሶ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አምና ካቻምና እንዳይመስላችሁ፤ ተራሮች ገና መቀመጫ ሲመርጡ፣ ጅብና አህያ ካንድ ምንጭ ሲጠጡ የነበረውን ድሮ ነው። ያኔ ብርድ አምባ የምትባል መንደር ነበረች። ከጭቃ ሹሙ ቤት ሌላ አርባ ቤት ነበራት። ብርዷም የዋዛ አልነበረም። ሰው ማታ ደጅ ቆሞ የተናገረው ቃል አየር ላይ ይረጋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይቀልጥና ይሰማል። «ደህና እደሩ» እና «እንደምን አደራችሁ» እኩል ጆሮ ይደርሱ ነበር። ይህን አባቴ ነግሮኛል፤ አባቴ ደግሞ ከእኔ ያነሰ ነበር የሚዋሸው።

ከመንደሯ በላይ ጫካ ነበር። ጫካው ኮሶ ነበር። የብርድ አምባ ሰው ጥሬ ሥጋ ይወዳል። ጥሬ ሥጋ የወደደ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ትል ያሳድራል። በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ትሉ ይወጣል። ሰውየው ወደ ሥጋው ይመለሳል። ኑሮው ይኸው ነበር።

ኮሶ የጠጣ ሰው ይከበራል። የጠጣ ዕለት ለሥራ አይጠራም። ለሸንጎ አይጠራም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም አያናግረውም፣ ማንም አይጠይቀውም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሹም እንኳ ዝም ብሎ ያልፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቆሞ ለማውራት ጊዜ የለውም።

ኮሶውን የምትፈጨው አንጓች ነበረች። ባል የላት፣ በሬ የላት። ያላት አንድ ወፍጮ፣ አንዲት ዶሮና ኮሶ የምታስቀምጥበት አንድ ቀንድ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ኮሶ ስለፈጨች እጇ መርሮ ነበር። እሷ የጨበጠችው ሰው ሦስት ቀን ማር ቢልስም አይጣፍጠውም ነበር ይባላል። ስለዚህ ሰላም የሚሏት ከሩቅ ነበር።

አንድ ክረምት ዛፎቹ ታመሙ። ቅርፊታቸው ከሥር ጠቆረ። ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጣ። ግንዱን ዞሮ የያዘው ዕለት ቅጠሉ ረገፈ። ሰዉ በሽታውን «ከል» አለው፤ ዛፎቹ ሐዘን የተቀመጡ ይመስሉ ነበርና። በሁለት ዓመት ጫካው እንደቆመ ሞተ።

ትሉ ግን አልሞተም። ትሉ ሰፋ፣ ረዘመ፣ ባለርስት ሆነ። የአንጓች ጎረቤት አያ ጠንክር «ዛሬ እራት ምንድን ነው?» ብሎ ሚስቱን ሲጠይቅ፣ እሷ ሳትመልስ ከሆዱ ውስጥ «ሥጋ ነው» የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። ሰዉ ከሳ። አንጓችም ከሳች። ድሮ ሁለት ዙር የምትታጠቀውን መቀነት ሰባት ዙር ታጠቀችው።

አንድ ቀን ሰማይ ጠቀስ ከሆነው ገደል ጫፍ ላይ ቀይ ነገር አየች። አንዲት ኮሶ አብባ ነበር። ከል ይዟት ነበር፤ ግን ግማሽ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆሟል፣ ቁስሉም ድኗል።

አንጓች ቀንዷን አነሣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ሄደች።

ገደሉን ስትወጣ ሦስት ቀን፣ ስትወርድ ሦስት ቀን ፈጀባት። ንስሮች ከበታቿ ይበሩ ነበር። አበባውን ሸክፋ ስትገባ መንደርተኛው ወፍጮዋ አጠገብ ተሰልፎ ጠበቃት።

«ፍጪው እንጂ እትዬ አንጓች! ምን ታያለሽ?»

«ከፈጨሁት ዛሬ ያልቃል» አለች። ግማሹን ለዘር ለየች። ከቀረው ለባሰባቸው አዳረሰች። አንድ ሰው የሚያሽር ብቻ ቀረ፤ እሱ የራሷ ነበር። ቀንዱ ውስጥ ከተተችውና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የመጨረሻው ስለሆነ፣ ችግኝ ሲበቅል እጠጣዋለሁ አለች።

በሰኔ መደብ ሠርታ ዘራች። አልበቀለም። ሐምሌ አልበቀለም። ነሐሴ ላይ አያ ጠንክር በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «እትዬ አንጓች፣ ያጨድሽውን የት ልትከምሪው ነው?» አላት። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ሲስቅ ትሉም አብሮ ይስቅ ስለነበር ሳቁ እጥፍ ነበር።

አንጓች ካልዘራችው ዘር አንዱን በጥርሷ ሰነጠቀች። ባዶ ነው። ሌላ ሰነጠቀች። ባዶ ነው። ተቀምጣ ዶሮዋን አየቻት። አውራ ዶሮዋን ሸለምጥማጥ ከበላው ወዲህ ዶሮዋ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩት የለም። አንጓች ዶሮዋን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ግንባሯን መታች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው። መድኃኒቱ የሴቴዋ አበባ ነው። የብርድ አምባ ሰው ደግሞ «ወንዴው ምን ያደርጋል?» ብሎ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ወንዴውን እየቆረጠ ቤት ሠርቶበታል፣ አጥር አጥሮበታል፣ ሞቆታል። ሴቴዋን ግን እንደ ልጁ ይጠብቃት ነበር። ከመጥረቢያ የተረፉትን ጥቂት ወንዴዎች ከል ጨረሳቸው። አንድ ብቻ ቀረ። እሱም ከጭቃ ሹሙ ከወንዳፍራሽ ደጅ ላይ ነበር፤ በቅሏቸውን የሚያስሩበት። ከል ይዞት ድኗል። ሰዉ ያዳነው የበቅሎዋ ሽንት ነው ይላል። በቅሎዋም በዚህ ትኮራ ነበር።

ጭቃ ሹሙ አዲስ ቤት ሊሠሩ አስበው ዛፉ ላይ የምሰሶ ምልክት በመጥረቢያ አድርገውበታል።

ኅዳር ላይ ወንዴው አበበ። አንጓች ቀንዷን አነሣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ከዛፉ አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«የገደሏን ኮሶ ልድራት ነው።»

ጭቃ ሹሙ ሳቁ። ሲስቁ ትላቸው ተቆጣና ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ቀንዱን አዩት።

«ለሰርግ እኮ ጥሎሽ ያስፈልጋል» አሉ። «እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«የእኔ ኮሶ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱን ስጪኝ።»

አንጓች ቀንዱን አየችው። ለአንድ ሰው ይበቃል። ለሁለት አይበቃም። መቀነቷን አንድ ዙር ጨመረች። ከዚያ ቀንዱን ሰጠች።

«ዛፉን ግን አልሰጠሁሽም» አሉ ጭቃ ሹሙ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ቤቴን እሠራለሁ። ያኔ ይቆረጣል።»

ጭቃ ሹሙ ጠጡ፣ ዳኑ። የወጣው ትል ሰባት በሬ አስሮ ተርፎ ነበር። ቀድሞ የጠጡት ወደ ሥጋቸው ተመልሰው ትሉም ተመልሶባቸው ነበርና፣ በብርድ አምባ ከትል ነፃ የሆኑ እሳቸው ብቻ ሆኑ። ወፈሩ። አንጓች ደግሞ ቅርንጫፉን በጀርባዋ አዝላ ገደሉን ወጣች። የወንዴውን አበባ ከሴቴዋ ቅርንጫፎች ጋር በቃጫ ገመድ አሰረችው። ብናኙ አፍንጫዋ ገብቶ ሦስት ቀን አስነጠሳት። በማስነጠሷ ብናኙ እያንዳንዱ አበባ ላይ ደረሰ። ነፋስ ነው ያደረሰው የሚሉ አሉ፤ ነፋስ ግን ያን ሰሞን ብርድ ፈርቶ ከቤቱ አልወጣም።

ዘሩ ሞላ። ዘራችው። በቀለ። ሦስት መቶ ችግኝ ሆነ። መንደርተኛው በአጥሩ ላይ ተደርድሮ እያየ «ጉድ ነው!» አለ። መቀነቷ ያኔ ዘጠኝ ዙር ደርሶ ነበር።

ሰዉ ደስ ባለው ሰሞን አንጓች ሌላ ጉድ አመጣች። ከሞቱት ዛፎች ጥቁር ቅርፊት ፍቃ ለእያንዳንዱ ችግኝ ግንዱን ጫር ጫር አድርጋ ቀባችው። አያ ጠንክር አጥሩን ዘሎ ገባ።

«አንቺ ሴት አበድሽ? ያሳደግሽውን ልጅ በገዛ እጅሽ ታንቂያለሽ?»

«ከል ተራራው ላይ ይጠብቃቸዋል፣ አያ ጠንክር። እዚያ ከምንቀብራቸው እዚህ ይለይላቸው።»

አያ ጠንክር አለቀሰ። ሆዱ ውስጥ ያለውም አለቀሰ። ችግኞቹ ጠቆሩ፣ ወደቁ። አንድ መቶ ወደቀ። ሁለት መቶ ወደቀ። በመጨረሻ የወደቀ ወድቆ፣ ቁስሉ የዳነለት አርባ ችግኝ ቆሞ ቀረ። ለአርባ ቤት አርባ ችግኝ።

ጭቃ ሹሙ የቀጠሩት ሰኔ ገባ። ዝናብ መጣ። ችግኙ በዚያ ሳምንት ካልተተከለ ዓመት ያልፈዋል። በዚያው ሳምንት ጭቃ ሹሙ አስነገሩ፦ «ሰኞ ከየቤቱ ሁላችሁም ውጡ! ምሰሶ ይቆረጣል፣ ቤት ይሠራል! የቀረ ይቀጣል!» ዛፉ ከተቆረጠ ወንዴ የለም። ሰዉ ከተያዘ የሚተክል የለም።

አንጓች አሁን የምታነሣው ቀንድ አልነበራትም። መቀነቷን አጠበቀች፣ ሄደች። አርባውንም ቤት አንኳኳች።

«ሰኞ ኮሶ ጠጥቻለሁ በሉ፤ ከዚያ ዶማ ይዛችሁ ተራራው ላይ ኑ።»

«ኮሶ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ጠጣን ልንል ነው?»

«ማን ይጠይቃችኋል?»

ሰዉ አሰበ። እውነትም የሚጠይቅ የለም።

ሰኞ የጭቃ ሹሙ አሽከር ከቤት ቤት ዞረ። በአንደኛው ደጅ «ኮሶ ጠጥተናል» ተባለ። በሁለተኛው «ኮሶ ጠጥተናል» ተባለ። በአርባኛውም «ኮሶ ጠጥተናል» ተባለ። ተመልሶ ለጌታው ነገረ።

«አርባ ቤት? ባንድ ቀን?» አሉ ጭቃ ሹሙ። «እዚህ አገር የመጨረሻውን ኮሶ የጠጣሁት እኔ ነኝ እኮ!»

ግን ምን ያድርጉ? ኮሶ የጠጣ አይጠየቅም። በቅሏቸውን ጭነው ወደ ተራራው ወጡ። አርባው ቤት እዚያ ነበር። ጎረምሳው ይቆፍራል፣ ሴቱ አፈር ይሸከማል፣ ሽማግሌው ለፍየል መከላከያ ድንጋይ ይክባል። ጭቃ ሹሙ አፋቸውን ከፈቱ። ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ሆዱን ያዘ። ጭቃ ሹሙ አፋቸውን ዘጉ። ፀሐይዋን አዩ። ገና ረፋድ ናት። በቅሎ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ዝናብ ደበደባቸው፤ ጠበቁ። በረዶ ወረደ፤ እያንዳንዱ የእንስራ ያህል ነበር፤ ጠበቁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አርባኛው ችግኝ ሥር አፈር ተጠቀጠቀ። ጭቃ ሹሙ ጮኹ።

«አንቺ አንጓች! ኮሶው ከየት መጣ?»

አንጓች በመዳፏ ያለውን አፈር አራገፈች።

«ገና ይመጣል፣ ጌታዬ» አለች። «እኛ ቀድመን ጠጣነው።»

ጭቃ ሹሙ ዝም አሉ። የጠጡት የማን እንደነበር ትዝ ብሏቸው ነው የሚሉ አሉ። ከንፈራቸው በብርድ ተጣብቆ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ በቅሎዋን መለሷት። ምሰሶውን ከጥድ ሠሩት። ወንዴው ደጃቸው ላይ ቀረ።

ኮሶ አይቸኩልም፤ የገደሏ ኮሶ አበባም እስከዚያ ለዘር ብቻ ተጠበቀ። አርባዎቹ ያበቡት በዘጠነኛው ዓመት ነው። አንጓች በሰባተኛው ሞታለች። መቀነቷ ስንት ዙር እንደነበር የቆጠረ የለም። መጀመሪያ የተለቀመውን አበባ አያ ጠንክር በእሷ ወፍጮ ፈጨ፣ በጠበጠ፣ አፉ አጠገብ አደረሰው። ከዚያ ሳይቀምስ አንዷ ዛፍ ሥር አፈሰሰው። «የእሷ ነው» አለ። ከሆዱ ውስጥ ምንም ድምፅ አልወጣም።

እስከ ዛሬ በብርድ አምባ በየዓመቱ የመጀመሪያው የኮሶ ዋንጫ አይጠጣም፤ ዛፍ ሥር ይፈስሳል። ዛሬ ለትሉ ከጤና ጣቢያ ክኒን አለ፤ ዋንጫው ግን ይፈስሳል። በሰኔ የመጀመሪያ ሰኞ ደግሞ አርባው ቤት፣ አሁንማ አራት መቶ ሆኗል፣ «ኮሶ ጠጥተናል» ይልና ችግኙን ይዞ ተራራ ይወጣል። ዳኛም ቢቀጥር፣ ሹምም ቢጠራ፣ መልሱ ያው ነው።

ወሬዬ ይኸው ነው። የጨመርኩት ብርዱ ላይ ብቻ ነው። አላምንም ያለ የሰኔ ሰኞ ብርድ አምባ ይሂድና ይጠይቅ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ግን ማንም አይመልስለትም።