የማሽላው ጉድጓድ

አገር ሁሉ የተደበቀ መሣሪያ ፍለጋ ላይ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጄኔራል ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ይዞ፣ ወታደር አስከትሎ አንዲት የቆላ መንደር ገባ። ፎቶው ላይ የሚታዩት ክብ ክብ ጉድጓዶች ሚሳይል የተቀበረባቸው ናቸው ባይ ነው። የጉድጓዶቹ ባለቤት የሆነው ገበሬ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እኛ እኮ ማሽላ የምናስቀምጠው በጉድጓድ ነው!» ቢል ማን ሰምቶት! ሦስት ቀን ሙሉ ተቆፈረ። የዓመት ቀለቡ አፈር ላይ ተበተነ። ከማሽላና ከነቀዝ በቀር የተገኘ ነገር የለም።

ገበሬው «እፎይ፣ አሁንስ ይሄዱልኛል» ሲል፣ ጄኔራሉ መንደርተኛውን ፀሐይ ላይ ሰብስቦ ስለ ጦር ስልትና ስለ ዓለም ጸጥታ ሲደሰኩር ዋለ። በመጨረሻም ጣቱን ገበሬው ላይ ቀስሮ፣

«ይህን ያህል ፈልገን ማጣታችን በደንብ መደበቅህን ያረጋግጣል። መሣሪያው አለ ብለህ ፈርም፤ አለዚያ ትታሰራለህ!» አለው።

ገበሬው የተበተነ ማሽላውን አየት አደረገና፣

«አሁን ገና ገባኝ ጌታዬ» አለ። «እኔም ከጠዋት ጀምሬ ከንግግርዎ ውስጥ ቁም ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ለካ እርስዎም በደንብ ደብቀውት ኖሯል!»